ተዳፋቱ ሲታረስ ዝናቡ ይጠፋል ወይ?

ከኮምቦልቻ በላይ ያለው ተዳፋት ሁሉ መታረሱ ዝናባችንን ያጠፋው እንደሆነ ለጠየቁት ወንድሜ፦ እኔን ከዝናቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ የወረደው ውሃ ነው። የክረምቱ እርጥበት በአብዛኛው ከሩቅ፣ ከውቅያኖሶችና ከኮንጎ ተፋሰስ በነፋስ ይመጣል፤ የእኛ ማሳ ብቻውን አያስቀረውም። እርግጥ ነው፣ ሥሩ ጠልቆ የገባ ዛፍ በበጋም እርጥበት ወደ አየር ይመልሳል፤ ጤፍ የታጨደበት ማሳ ግን ይህን አያደርግም።

ትልቁ ለውጥ መሬት ላይ ነው። ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ቁልቁለቱ ሲታረስ፣ የዝናቡ ጠብታ ራቁቱን የቀረውን አፈር ይደፍነዋል፤ ውሃው ሳይሰርግ ይንደረደራል። የቦርከና ወንዝ በሐምሌ ደፍርሶ ይሞላል፣ ደለሉን ወደ አዋሽ ይዞ ይወርዳል፤ በጥር ደግሞ ምንጮቹ ይሳሳሉ። እርከንና ከብት የማይገባበት ተራራ ይህን ያረግባሉ። ባሕር ዛፍ ለመትከል ካሰቡ ግን ከምንጭ ራስ ያርቁት፤ ውሃ ጠጪ ነው።