ሲስተር ስትሆኚ ኬሚስትሪው የት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ጅማ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ቤተሰባችን ካቶሊክ ነው፤ ስመረቅ ደናግል ማኅበር ለመግባት አስቤያለሁ። እማዬ ግን «ያ ሁሉ ልፋት ገደል ሊገባ ነው» ብላ ታለቅሳለች። ባለፈው ላብራቶሪ ውስጥ የኬቢአር ፔሌት፣ ማለትም ናሙና የተቀላቀለበት የጨው ክኒን፣ ስንሠራ (የኔው እንደልማዱ ደመና መስሎ ወጣ) መምህራችን «ይህን ዘዴ ያመጣችው እኮ መነኩሲት ናት» ብሎን አለፈ። ቀልዱን ነው? ሲስተር ሆኖስ ኬሚስትሪ ይቻላል?
የፔሌቷ ልጅ

መልስ፦ ቀልዱን አይደለም፤ ትንሽ አሳጥሮት ነው። ሲስተር ሚርያም ማይክል ስቲምሰን ይባላሉ። (እኛ ጋ «ሲስተር» ሲባል ቶሎ ትዝ የምትለን መርፌ የያዘችው ናት፤ እሳቸው ግን ዶሚኒካን የሚባለው የካቶሊክ ደናግል ማኅበር አባል ነበሩ።) እ.ኤ.አ. በ1913 ተወልደው በ2002 ያረፉ አሜሪካዊት ናቸው። ሚቺጋን ውስጥ አድሪያን በምትባል ከተማ፣ ማኅበራቸው ባቋቋመው ሲዬና ሃይትስ ኮሌጅ ለብዙ ዓመታት አስተማሩ፣ ተመራመሩም። ኮሌጁ ትንሽ ነበር።

የሚያጠኑት ሳይቶሲንን የመሰሉ የዲኤንኤ ቤዞችን (የዲኤንኤ መገንቢያ ክፍሎችን) በኢንፍራሬድ ጨረር እያዩ ነበር። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ናሙናውን በውሃ እንዳታሟሚው ውሃው ራሱ ጨረሩን ይውጠዋል፣ በዘይት እንዳትለውሺው ደግሞ ዘይቱ ግራፉ ላይ የራሱን መስመር ይዞ ይመጣና የማን የማን እንደሆነ ይጠፋሻል። ፖታሲየም ብሮማይድ (ኬቢአር የምትሉት ጨው) ግን ለዚህ ጨረር እንደ መስታወት ነው፤ ያሳልፈዋል። ናሙናውን ከጨው ጋር አልሞ መፍጨት፣ በፕሬስ መጭመቅ፣ በቃ። ከባልደረባቸው ጋር ሥራውን በ1952 አሳተሙት። በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥም ሌሎች ተመራማሪዎች ለብቻቸው እዚሁ ዘዴ ላይ ደርሰዋል፤ ስለዚህ «ካመጡት አንዷ» ብትይ ይሻላል። በ1953 ፓሪስ፣ ሶርቦን ተጋብዘው ሄደው ስለዚሁ ሥራ አስረድተዋል።

የፔሌትሽ ደመና ከጅማ ዝናብ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ጨው እርጥበት ይስባል። 110 ዲግሪ ላይ ለጥቂት ሰዓታት አድርቂው፣ ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ዕቃ) ውስጥ አቆዪው፣ ስትፈጪም አትዘግዪ። ለ200 ሚሊግራም ጨው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ናሙና ይበቃል። ከቡና ያወጣችሁትን ካፌይን የምታዪበት ከሆነማ ማድረቁ የግድ ነው፤ ካፌይን ግራፉ ላይ 1,660 ሴ.ሜ⁻¹ አካባቢ መስመር አለው፣ የውሃው ደግሞ 1,640 ላይ መጥቶ አጠገቡ ይለጠፋል። በነገራችን ላይ ካፌይን የፕዩሪን ቤተሰብ ነው፣ ከዲኤንኤው አደኒንና ጓኒን ጋር ይዛመዳል። ሲስተር ሚርያም ጅማ ቢመጡ ሥራ አያጡም ነበር።

ወደ ዋናው እንምጣ። ይቻላል፣ ግን እንደፈለግሽ አይደለም። ኖቪሲየት የሚባለው የሙከራ ጊዜ ቢያንስ 12 ወር ነው፤ በዚያ ጊዜ ከምንኩስና ዝግጅቱ ጋር በቀጥታ የማይገናኝ ትምህርት ወይም ሥራ አይሰጥሽም። ስለዚህ ዲግሪሽን ጨርሰሽ መግባትሽ ልክ ነው፤ ላብራቶሪሽንም ቢያንስ አንድ ዓመት ትናፍቂዋለሽ። ቀጥሎ ጊዜያዊ መሐላ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ዓመት። የዘላለሙ ከዚያ በኋላ ነው፤ ማለትም አንቺም ማኅበሩም ለመተያየት በቂ ጊዜ አላችሁ። ይህን ለእማዬ ንገሪያት፣ አንድ ቀን ገብተሽ በዚያው የምትቀሪ መስሏት ይሆናል።

ሌላው ታዛዥነት ነው። መሐላውን ከፈጸምሽ የት እንደምትመደቢ የሚወስነው አለቃሽ ነው፤ ደሞዝሽም የማኅበሩ ነው። ኬሚስት ብትሆኚም ክሊኒክ ወይም መዋዕለ ሕፃናት ልትላኪ ትችያለሽ። ሲስተር ሚርያም ላብራቶሪ ያገኙት ማኅበራቸው ኮሌጅ ስለነበረው ጭምር ነው እንጂ መነኩሲት ሁሉ ኢንፍራሬድ ማሽን አይሰጣትም። በጸሎት ብቻ የሚኖሩ ማኅበራት አሉ፣ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩም አሉ፤ ልዩነቱ ላንቺ ሰማይና ምድር ነው።

እንግዲህ ልታናግሪያቸው ስትሄጂ ሳታፍሪ ጠይቂ፦ ከእናንተ መካከል ሳይንስ የምታስተምር ሲስተር አለች? ማስተርስ እንዲማሩ የላካችኋቸውስ? ካሉ እነሱኑ አገናኙኝ በያቸው። እማዬንም ይዘሻት ሂጂ፣ የምትጠይቀው አታጣም።