የመኪና አርማ ያለበት የስጦታ ሰዓት ከየት እንደመጣ እንዴት ይታወቃል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። አባትህ ድሮ መኪና ሲገዙ ከሻጩ በስጦታ የተሰጣቸው፣ ፊቱ ላይ የመርሴዲስ ኮከብ ያለበት ሰዓት ነው። ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ፣ ስንትስ ያወጣል ብለሃል። ሰዓት መጠገን ሥራዬ ስለሆነ እንዲህ ዓይነቱ ብዙ በእጄ አልፏል።

መጀመሪያ ኮከቡን ለጊዜው ተወው። መርሴዲስ መኪና ነው የሚሠራው፤ የስጦታ ሰዓት ሲፈልግ ለሰዓት ፋብሪካ አዝዞ ያሠራል። ስለዚህ ኮከቡ እውነተኛ ሆኖ ውስጡ ርካሽ ማሽን ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ፎርጅድ አያሰኘውም። እንደ ብራይትሊንግ ለቤንትሌይ፣ ሁብሎት ለፌራሪ የሠሯቸው ውድ ሰዓቶች ላይ የሰዓት ሠሪው ስም ፊት ለፊት ይጻፋል። ያንተ ላይ ኮከቡ ብቻ ነው ያለው።

በፎቶህ ላይ ከ6 ቁጥር ሥር "ጃፓን ሙቭት" የሚል ደቃቅ ጽሑፍ ይታየኛል። ማሽኑ የጃፓን ነው ማለት ነው፤ መገጣጠሙ ግን ብዙውን ጊዜ ሆንግ ኮንግ ወይም ቻይና ነው። "ስዊስ ሜድ" ቢል ኖሮ ነገሩ ይለይ ነበር። ያ ጽሑፍ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ማሽኑ የስዊስ ሆኖ ሰዓቱ እዚያው መገጣጠምና መፈተሽ አለበት፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ከማምረቻ ወጪው ቢያንስ 60 በመቶው ስዊዘርላንድ ውስጥ የወጣ መሆን አለበት።

ጀርባውን አገላብጠው። "ስቴይንለስ ስቲል ባክ" ካለ፣ የማይዝገው ክዳኑ ብቻ ነው፣ ሌላው አካሉ ቅብ ነው። ማሰሪያውን ፍታና የተያያዘበትን ቀንድ ከውስጥ በኩል እየው፤ ላብ ቀድሞ የሚበላው እዚያ ስለሆነ ቅቡ ተልጦ ቢጫ ናስ ብቅ ብሎ ታገኘዋለህ። "ዋተር ሪዚስታንት" ብሎ ቁጥር ካልጻፈ ደግሞ እጅህን ስትታጠብ ከሚረጨው ውሃ በላይ አትመነው።

ክዳኑን ግን እባክህ በቢላ አትፈልቅቀው፣ ሰዓት ሠሪ ይክፈትልህ። እኔ እንደምገምተው ትንሽዬ ማሽን በነጭ ፕላስቲክ ቀለበት ተወጥራ ታገኛለህ። "ሚዮታ 2035" የሚል ካለባት የጃፓኑ ሰዓት ሠሪ የሲቲዝን ሥራ ናት። 377 ባትሪ ነው የምትወስደው፣ በወር ቢበዛ 20 ሴኮንድ ያህል ብትስት ነው። ርካሽ ናት፣ ግን ታማኝ ናት፤ ብትሞት እንኳ ከመጠገን መቀየር ይቀላል። የቆመ ሰዓት ከሆነ ባትሪውን ቶሎ አስወጣው፣ አሮጌ ባትሪ ውስጡ ያለውን ፈሳሽ ካፈሰሰ ማሽኑን ይጨርሰዋል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ገበያ ብታወጣው ብዙ አያወጣም፣ የመኪና ማስታወሻ የሚሰበስብ ሰው ካላገኘህ በቀር። ካርቶኑ ካለ ግን አትጣለው። በላዩ ላይ በ"ቢ6" የሚጀምር የዕቃ ቁጥር ካገኘህ፣ ከራሱ ከመርሴዲስ የዕቃ ዝርዝር የወጣ ስለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ሲከፈት የማሽኑን ፎቶ በቅርብ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ ቁጥሩን አይቼ እነግርሃለሁ።