የአሳህ ጅራት ከተበጣጠሰ ወደ ፋርማሲ አትሩጥ

ፍኖተ ሰላም ያለኸው ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። የጎልድ ፊሽህ ጅራት ጫፍ ጫፉ ነጭ ሆኖ እየተበጣጠሰ ነው፣ ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው፣ የትኛውን መድኃኒት ልግዛ ነው ያልከው። ለጊዜው ምንም አትግዛ። እኔም እዚህ ደብረ ማርቆስ ልክ እንዳንተ ሆኜ ነበር። ከሦስት አሳዎቼ ሁለቱን የጨረስኳቸው እኔው ነኝ እንጂ በሽታው አይደለም።

1. መጀመሪያ በስልክህ መብራት አብርተህ ጫፉን እየው። እንደ ጨርቅ ቀጥ ብሎ ከተተረተረና ቀለሙ ካልተለወጠ ቁስል ነው። ድንጋይ ወይ የፕላስቲክ ቅጠል ቀዶታል፣ ወይ ሌላ አሳ ነክሶታል። አሮጌ የሴት ስቶኪንግ ፈልግና ገንዳው ውስጥ ባለው ጌጥ ላይ ጎትተው፤ ስቶኪንጉን ከያዘው ጅራቱንም ይይዘዋል፣ አውጥተህ ጣለው። ጫፉ ነጭ ሆኖ ከተሸራረፈ፣ ወይ ቀይ ክር ክር ካለበት ግን መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ይህን የሚያመጣው ባክቴሪያ ጤነኛ አሳ ባለበት ውሃ ውስጥም ይኖራል። ጉልበት የሚያገኘው አሳዋ በመጥፎ ውሃ ስትዳከም ነው።

2. ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹህ አይደለም። እኔን ዋጋ ያስከፈለኝ ይኸ ነው። አሳዎቹን አዲስ አበባ ስገዛ ሻጩ «በየሳምንቱ ሁሉንም አውጥተህ እጠበው» አለኝ። እኔ ደግሞ በንጽሕና አልታማም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠጠሩን እፈትጋለሁ፣ የፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) ስፖንጅ ቧንቧ ስር ነጭ እስኪሆን አሸዋለሁ፣ ገንዳውን በአዲስ ውሃ እሞላለሁ። ጅራታቸው መሸራረፍ ሲጀምር ምን አደረግኩ? በሳምንት ሁለት ጊዜ ማጠብ ጀመርኩ! ባጠብኩ ቁጥር ባሰባቸው።

ለካ ስፖንጁ ላይ ያለው ያ የጠላ አተላ የሚመስል ነገር ቆሻሻ ብቻ አይደለም። አሳ በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት፣ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣል። አሞኒያ በዓይን አይታይም፣ ግን ክንፉንም ስንጥቡንም ያቃጥላል። ስፖንጁ ላይ የሚኖሩት ደጋግ ባክቴሪያዎች ናቸው ያንን አሞኒያ ያን ያህል ወደማይጎዳ ነገር የሚቀይሩት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይፈጃቸዋል። እንደገና ተራብተው ለሥራ ለመድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል፣ እንደኛ ባለ ብርዳም አገር ሊቆይም ይችላል። እኔ በየቅዳሜው ከዜሮ አስጀምራቸው ነበር።

ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። በፊት አንዷን በማሰሮ ይዤ ወደ እንስሳት ሕክምና ሄጃለሁ። ስሙን አልጠራም። ሰውየው ማሰሮውን አየና «በል ዘይት አሙቅላት» አለኝ። በግ ጎትተው የመጡ አንድ አያ ሳይቀሩ ሳቁ። ጣና አፍንጫችን ስር ሆኖ፣ አሳ ሲባል ቆረሶና አምባዛ ብቻ የሚታየው ሰው ብዙ ነው፤ እሱን አልፈርድበትም። ግን ሰውየው ተምሯል እኮ! ቢያንስ ውሃውን እንዴት እንደምይዘው አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?

ተናድጄ ወጣሁና ከፋርማሲ የሰው ቴትራሳይክሊን (ባክቴሪያ የሚያጠፋ መድኃኒት) ገዝቼ ካፕሱሉን ፈትቼ ጨመርኩት። ውሃው ጠቆረ፣ አረፋ ያዘ። ቴትራሳይክሊን ካልሲየም የበዛበት ውሃ ውስጥ ኃይሉን ያጣል፤ ደግሞ ፊልተሩ ላይ የቀሩትን ባክቴሪያዎችም ሊጎዳ ይችላል። በዚያው ሳምንት ሁለቱ ሞቱ። ልጄ አሁንም ታነሳብኛለች።

የተረፈችውን ያዳናት ውሃ ነው። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሩቡን ብቻ ቀየርኩ። ስፖንጁን ከገንዳው በወጣው ውሃ ውስጥ አንድ ሁለቴ ጨመቅ አድርጌ መመለስ፣ በቃ። ምግቡንም በግማሽ ቀነስኩ። እዚህ ላይ ጀሪካንን ተጠንቀቅ! ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ እኔም እንዳንተው በጀሪካን ነው የማጠራቅመው፣ ሁለት ቀን ስለቆየ ክሎሪኑ የለቀቀ ይመስለኝ ነበር። ክዳኑ ተከድኖ የት ይሂድ? አፈ ሰፊ ባልዲ ላይ ገልብጠህ 24 ሰዓት ክፍት ተወው፤ ቤት ውስጥ ስለሚያድር ብርዱም ይለቀዋል። የጠዋቱን ቀዝቃዛ ውሃ እንዳለ እንዳታፈስባት። እናቴ «ይች አሳ ከእኔ ይልቅ ውሃ ትጨርሳለች» እያለች ስታማርር ከረመች፣ እውነቷን ነው።

ጨውም ረድቶኛል፤ ለ1 ሊትር 1 ግራም፣ ማለትም ለ10 ሊትር ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። መጀመሪያ ለብቻው አሟሟው። ጨው እንደ ውሃው አይተንም፣ ስለዚህ በየቀኑ አትጨምር፤ ለቀየርከው ውሃ የሚሆነውን ብቻ ተካ። በሁለተኛው ሳምንት የጅራቷ ጠርዝ ጠቆረብኝና ደነገጥኩ፣ ያን ካፕሱል ልመልሰው ትንሽ ነው የቀረኝ። አሞኒያ ያቃጠለው ቦታ ሲሽር ብዙ ጊዜ ይጠቁራል። ከዚያ ከጥቁሩ ወዲያ እንደ ቀጭን ላስቲክ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ብቅ አለ። አዲሱ ክንፍ ነው! በሁለት ወር ሞላላት።

መብራት ብዙ ሰዓት ሲጠፋ ምግብ አትስጣት። ስፖንጁንም ከፊልተሩ ቤት አውጥተህ ገንዳው ውሃ ውስጥ እንዲሁ ተወው፣ አለዚያ ባክቴሪያዎቹ ታፍነው ያልቃሉ።

መበስበሱ የጅራቱ ሥር ደርሶ ሰውነቷን ከነካ፣ ወይም መብላት ትታ ታች ከተኛች ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ለይተሃት ለአሳ የተሠራ መድኃኒት ያስፈልጋል፣ ሥሩ ከተበላ ክንፉ ላይመለስም ይችላል። አንተ ግን ጫፉ ነው ብለሃል፣ ገና ጊዜ አለህ።

አሁን ሁለት ነገር ንገረኝ፤ ገንዳህ ስንት ሊትር ነው? ስፖንጁንስ መጨረሻ ያጠብከው መቼና በምን ውሃ ነው?