አፍዴራ ለሚሄደው ወንድምሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ወንድምሽ አፍዴራ ጨው ማምረቻ ሥራ አግኝቷል። እናታችሁ ደግሞ የአፋሩን እሳተ ገሞራ እያሰበች «ሃይሊ ጉቢ እንደገና ቢፈነዳስ?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ይሂድ ወይስ ይቅር፣ ቢፈነዳ ምን ያድርግ፣ አዲስ አበባ ላላችሁትስ ያሰጋል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል።

እኔ በዚያ በረሃ ቱሪስትና ተመራማሪ በመኪና ሳመላልስ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ሳይንሱን የሰማሁት ከተመራማሪዎቹ ነው። ጥንቃቄውን ያየሁት ደግሞ ከአፋር መንገድ መሪዎች ነው። በእኔ እምነት ይሂድ። ግን ተዘጋጅቶ ይሂድ። ሰው ሁሉ ላቫ ላቫ ይላል። እዚያ አገር ላይ በርቀት ያለን ሰው ሊጎዳው የሚችለው ግን አመዱና ጋዙ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። አፋር ሥር ሦስት የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች እየተራራቁ ነው፤ የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ። እነሱ ሲራራቁ ከታች ያለው ትኩስ ዐለት ወደ ላይ ይነሳል። ሲነሳ የተጫነው ክብደት ስለሚቀልለት ይቀልጣል። ይህ ቅልጥ ዐለት ጋዝ ታምቆበት ነው የሚመጣው፤ የውሃ እንፋሎት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ። ፍንዳታ የሚያመጣው ጋዙ ነው። ሾርባ ሲፈላ እንፋሎቱ በሰላም ይወጣል፤ ገንፎ ሲንተከተክ ግን አረፋው ይታፈንና ፈንድቶ እጅ ያቃጥላል። ኤርታሌ በሚባለው ሌላው የአፋር እሳተ ገሞራ ላይ ያለው እንደ ሾርባው ቀጭኑ ዓይነት ነው። ሰው አፋፉ ድረስ ወጥቶ የላቫ ሐይቁን ሲያይ የኖረው ለዚህ ነው። ጋዝ ታፍኖ በአንዴ ሲለቀቅ ግን ዐለቱን አድቅቆ ወደ ሰማይ ይረጨዋል።

ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሁድ ረፋድ ላይ ያደረገው ይህንን ነው። ከዚያ በፊት በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ አልነበረውም። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ወጣ። ነፋሱ ቀይ ባሕርን አሻግሮ ወደ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ወደ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ ወሰደው። ሕንድ ውስጥ በረራ እስከመሰረዝ ተደረሰ። አፍዴራ ራሷ አመድ ለበሰች። ሰው ሞተ የሚል ዜና አልወጣም፤ አርብቶ አደሩ ግን ሳሩ ሁሉ ተሸፍኖበት ከብቶቹን የሚያበላው አጣ።

ይህ አመድ የደቀቀ ዐለትና ብርጭቆ ነው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ዓይን ይቧጭራል፣ ጉሮሮ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። በ1982 እ.ኤ.አ. አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ጃምቦ ጄት ኢንዶኔዥያ አካባቢ አመድ ውስጥ ገብቶ አራቱም ሞተሮቹ ጠፍተውበታል። እንደ ዕድል ሆኖ ተነሥተውለት በሰላም አረፈ። የአውሮፕላን ሞተር እንዲህ ካደረገ ሳንባን አስቢው።

ስለዚህ ሻንጣው ውስጥ በኮሮና ጊዜ የለመድነውን ኤን95 ማስክ በርከት አድርገሽ አስገቢለት። ከጠፋ ነጠላ ወይም ሻሽ ደራርቦ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ከምንም ይሻላል፣ ማስኩን ግን አይተካም። ጨርቁን ውሃ መንከር ብዙ ለውጥ አያመጣም፣ ውሃውን ለመጠጥ ያቆየው። ዙሪያውን የሚገጥም መነጽርም ይያዝ። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ከሆነ ያውልቀው።

አመድ መዝነብ ሲጀምር ቤት ይግባ፤ በርና መስኮት ይዝጋ፣ ክፍተቱን በጨርቅ ይወትፍ። በርሜሉንና ጄሪካኑን ወዲያው ይክደን። ይህን ሰው ይረሳዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ንጹሕ ውሃ የሚያመጣለት ላይኖር ይችላል፤ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ውሃና ደረቅ ምግብ ሁልጊዜ ይኑረው። ሲያጸዳም ትንሽ ውሃ አርከፍክፎ ይጥረግ፤ በደረቁ ከጠረገው እንደገና ይቦንናል።

ጣሪያው ላይ ሲከመር ቸል አይበል። 10 ሳንቲሜትር እርጥብ አመድ አንዱ ካሬ ሜትር ላይ ብቻ ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲፈነዳ አውሎ ነፋስ ዝናብ ይዞ መጣ፤ ብዙዎቹ የሞቱት ጣሪያ ተደርምሶባቸው ነው። ሳይወፍር ይጠረግ። ግን ቆርቆሮ ላይ ብቻውን አይውጣ፣ አመድ ያንሸራትታል።

መኪና መንዳት ግድ ካልሆነ ይቅር። ካልቀረ በዝግታ፣ መብራት አብርቶ። የመስታወት መጥረጊያውን በደረቁ ካስነሣው መስታወቱን ፍቆ ያበላሽበታል፣ መጀመሪያ ውሃ ይርጭበት። የአየር ፊልትሮውም ቶሎ ይደፈናል።

ስለ ጋዙ ደግሞ አደራ። ኤርታሌ አፋፍ ላይ ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ጉሮሮ የሚያቃጥል ነገር ይመጣል፤ ዓይን ያስለቅሳል። ያ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። መሪዎቹ ሳይከራከሩ ሰውን ሁሉ ነፋሱ ወደሚነሣበት ወገን ያዞሩታል። እሱ ቢያንስ ራሱን ያሳውቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድና ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ዳሎል አጠገብ ጋኤታሌ የሚባል ኩሬ አለ፤ ዳሩ ላይ የሞቱ ወፎች አይቻለሁ። ካሜሩን ውስጥ ኒዮስ ሐይቅ በ1986 እ.ኤ.አ. ይህን ጋዝ ለቆ በአንድ ሌሊት ከ1,700 ሰው በላይ ገድሏል። ስለዚህ ወንድምሽ ጭስ ወይም እንፋሎት ባለበት አካባቢ ስንጥቅና ጉድጓድ ውስጥ አይውረድ፣ ረባዳ ላይም አይተኛ።

ላቫውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ከላይ የጠቆረ ሁሉ ጠጥሯል ማለት አይደለም። ቅርፊቱ ስስ ሆኖ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ እግር ይዞ ይሰበራል። መሪዎቹ በበትር እየመቱ ነው የሚረግጡት። እዚያ ድረስ ሄዶ ለቲክቶክ የሚቀርጽ ሰው ሳይ ይከፋኛል። ኒው ዚላንድ ውስጥ ዋካሪ ደሴት በ2019 እ.ኤ.አ. ሲፈነዳ 22 ሰው ሞቷል፤ ደሴቱን ሊጎበኙ የሄዱና ያስጎበኟቸው ነበሩ። ወንድምሽ ጭስ ካየ ወደ ጭሱ አይሂድ። አመዱ የሚነዳበትን አቅጣጫ አይቶ ወደ ጎን ይራቅ እንጂ በነፋሱ መንገድ አይሽሽ።

ከብት የሚያረቡ ጎረቤቶች ይኖሩታል። አመድ የነካውን ሳር ከብቱ ባይበላ ይሻላል፤ ፍሎሪን የሚባል ከብት የሚመርዝ ነገር ሊኖርበት ይችላል። አይስላንድ ውስጥ በ1783 እ.ኤ.አ. ላኪ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከአገሪቱ ከብት ከግማሽ በላይ ያለቀው በዚህ ነው። ድርቆሽ ካለ ተከድኖ ይቀመጥ፣ የከብቱም ውሃ ይከደን።

ምልክት አለው ወይ ላልሽው፣ ብዙ ጊዜ አለው። መሬት ደጋግሞ ይንቀጠቀጣል፣ አዲስ ስንጥቅ ወይም እንፋሎት ይታያል። ግን መንቀጥቀጥ ሁሉ ፍንዳታ አያመጣም። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን የሚባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ያን ያህል ሲንቀጠቀጥ፣ ታኅሣሥ 26 ደግሞ በሬክተር ስኬል 5.7 ሲመታ፣ ብዙ ሺሕ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ቅልጥ ዐለቱ ግን ምድር ውስጥ ቀረ። መረጃ ሲፈልግ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም የሚለውን ይከታተል። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ዳጉ አለ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው የአገሩን ሁሉ ወሬ ይለዋወጣሉ፤ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ከእነሱ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከአካባቢው ሰው ጋር ይግባባ።

አዲስ አበባ ላላችሁት የሃይሊ ጉቢ አመድ አያሳስባችሁ፣ ሩቅ ነው። እናንተን የሚመለከታችሁ መንቀጥቀጡ ነው። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ሊፍት አትግቡ፣ ደረጃ ላይም አትጋፉ። ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ እስኪያልፍ ጠብቁ።

አንድ ያልነገርሽን ነገር አለ። ወንድምሽ አስም ወይም ሌላ የሳንባ ችግር አለበት? ካለበት ከመሄዱ በፊት ሐኪም ይየው፣ የሚነፋውንም መድኃኒት ትርፍ ይያዝ። እሱን ጻፊልን፣ እዚህ ቡድን ውስጥ የጤና ባለሙያዎችም አሉ።