ስለ ተነበቡ ረድፎች ለጠየቀችኝ ወጣት፣ ለእኩዮቿም

ባለፈው ሳምንት ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ወጣት እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ የምጠብቀው ማይኤስኪውኤል የሚባለው የመረጃ ቋት ‹ኢኖዲቢ ሮውስ ሪድ› በሚለው የተነበቡ ረድፎች ቆጣሪ ላይ 9 ቢሊዮን ያሳያል። ይህ ብዙ ነው?» መልሱ ከሁለት መስመር አይበልጥም ነበር። ልጽፍላት ስቀመጥ ግን አንድ የታጠፈ ወረቀት ትዝ አለኝና እጄ አልታዘዝ አለኝ።

በ2003 ዓ.ም. በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም የመረጃ ቋት ኃላፊ ነበርኩ። ጠዋት 3 ሰዓት ሆኖ ሰልፉ ሲረዝም ሲስተሙ ይንቀራፈፋል። ደንበኛው ስልክ ቁጥሩን ይናገራል፣ ሠራተኛዋ ትጽፋለች፣ ከዚያ ሁለቱም ተፋጠው ይጠብቃሉ። እኔ ቆጣሪውን ከፍቼ ያንን የሚያስፈራ አኃዝ አየሁና ወዲያው ፈረድኩ፦ ይህን ሁሉ ንባብ ዲስኩ አልቻለውም፣ ጥፋተኛውም ከሥሬ የሚሠራ አንድ ወጣት በቅርቡ የጻፈው የወር መጨረሻ ሪፖርት ነው።

ልጁ አንድ ቀን ባለ ካሬ ወረቀት ይዞ ቢሮዬ ገባ። በእጁ ያሰመረው ሦስት ዓምድ ነበረው። በመጀመሪያው ሰዓት፦ 3:10፣ 3:20፣ 3:30። በሁለተኛው ‹ሃንድለር ሪድ አርኤንዲ ኔክስት› የሚባለው ቆጣሪ፣ ማለትም ሠንጠረዥ በተርታ ሲታሰስ «ቀጣዩን ረድፍ ስጠኝ» የተባለበት ብዛት። በሦስተኛው ደግሞ ከሚሞሪ ታጥቶ እስከ ዲስክ የወረደ ንባብ። ከእያንዳንዱ ሥር ልዩነቱን በቀይ እስክሪብቶ ቀንሶ ጽፎታል። በ10 ደቂቃ ውስጥ የተነበበው ረድፍ 200 ሚሊዮን ያህል፣ ዲስክ የነካው ንባብ ግን ጥቂት መቶ ብቻ። «ጋሼ፣ ዲስኩ ሥራ ፈት ነው። አንድ የፍለጋ ትእዛዝ የደንበኞችን ሠንጠረዥ ከዳር እስከ ዳር እያሰሰው ነው። የእኔ ሪፖርት ደግሞ የሚሠራው ሌሊት ነው» አለኝ።

ወረቀቱን ሳላየው አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። «መጀመሪያ የራስህን ሥራ አስተካክል» አልኩት። በዚያው ወር ወደ ቅርንጫፍ ተዛወረ። ያዛወረው የእኔ ቃል ነው።

አዲስ ሰርቨር እንዲገዛ አስወሰንኩ። የውጭ ምንዛሪ እስኪገኝ አምስት ወር ጠበቅን። መጣ፣ ተተከለ፣ ሦስት ሳምንት እፎይ አልን፣ ከዚያ ሰልፉ እንደገና ረዘመ። ያኔ ነው መሳቢያውን የከፈትኩት።

ወረቀቱን ይዤ ስከታተል ጥፋቱን በአንድ ቀን አገኘሁት። ስልክ ቁጥር በሠንጠረዡ ውስጥ የተቀመጠው እንደ ጽሑፍ ነው፤ የፍለጋው ትእዛዝ ግን ቁጥሩን ያለ ጥቅስ ምልክት እንደ አኃዝ ይልከዋል። ማይኤስኪውኤል የጽሑፍ ዓምድን ከአኃዝ ጋር ሲያነጻጽር በዚያ ዓምድ ላይ ያለውን ኢንዴክስ፣ ማለትም እንደ መጽሐፍ ማውጫ በቀጥታ ወደ ረድፉ የሚመራውን፣ ለፍለጋ ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱን ረድፍ አንሥቶ ወደ አኃዝ እየለወጠ ያያል። 400,000 ደንበኛ ነበረን፤ አንድ ሰው ለማግኘት 400,000 ረድፍ። በ10 ደቂቃ 500 ፍለጋ ቢደረግ የልጁ 200 ሚሊዮን ይኸው ነው። የሚመጣው መልስ ትክክል ስለነበረ ማንም አልጠረጠረም። ከተወሰነ ጊዜ በላይ የፈጁ ትእዛዞች የሚመዘገቡበት የዘገዩ ጥያቄዎች መዝገብም ባዶ ነበር፤ ወሰኑ እንደ መጣ 10 ሰከንድ ላይ ተትቶ ስለነበረ ወሰኑን ያልደረሰ ፍለጋ አይመዘገብም። እኔ ግን ባዶነቱን እንደ ንጽሕና ማስረጃ ቆጥሬው ነበር። ያንን የፍለጋ ትእዛዝ የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ፣ ደንበኞቻችን 6,000 ብቻ በነበሩበት ጊዜ።

ሁለት የጥቅስ ምልክት ጨመርኩና አለቀ። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ለልጁ ግን አልደወልኩለትም። ዛሬ ነገ ስል ተቋሙን ለቀቀ፣ ስልኩም ተለወጠ።

አባቴ መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዞኝ ይሄድና ጥግ ላይ ያስቀምጠኛል። ባለጉዳይ የፋይል ቁጥር ይዞ ከመጣ አባቴ መደርደሪያው ጋ ሄዶ አንድ ፋይል ብቻ ይዞ ይመለሳል። ቁጥር የሌለው ሲመጣ ግን አቧራውን እያራገፈ ስንቱን ይገልጥ ነበር። ባለጉዳዩ በሁለቱም ቀን የሚወስደው አንድ ፋይል ነው። የአባቴን ወገብ ያጎበጠው የተገለጠው እንጂ የተሰጠው አልነበረም። እኔ የዚህ ሰው ልጅ ሆኜ «የተነበበ» እና «የተመለሰ» የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳላያቸው መቅረቴ እስካሁን ይከነክነኛል። ፖስትግሬስኪውኤል የሚባለውን ሌላ የመረጃ ቋት የምትጠብቁ ደግሞ በስም እንዳትታለሉ፦ እዚያ ‹ታፕ ሪተርንድ› የሚባለው ለተጠቃሚው የተላከ ረድፍ አይደለም፤ በአሰሳና በኢንዴክስ ፍተሻ ወቅት የተነሣው ነው።

የዛሬ ወጣቶች ቆጣሪዎችን በሚያሳይ ባለ ቀለም ሰሌዳ ፊት ቁጭ ብላችሁ ቀይ እስኪበራ ትጠብቃላችሁ፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ያናድደኛል። ይሁንና እንዲህ ያለ ሰሌዳ ያኔ ቢኖረኝ ኖሮ ልዩነቱን ራሱ አስልቶ ያሳየኝ ነበር፣ ልጁም ቅርንጫፍ ባልሄደ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ ልጄ። ይህ ቆጣሪ እንደ መብራት ቆጣሪ ነው፤ ሰርቨሩ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ይደምራል። የመብራት አንባቢ ያለፈውን ወር ሳይቀንስ ሂሳብ አይጠይቅሽም። 9 ቢሊዮኑ በአንድ ቀን የተጠራቀመ ይሁን በአንድ ዓመት አላውቅም። ሌሊት ረድፍ በረድፍ እየተነበበ ሙሉ ቅጂ የሚወሰድ ከሆነም ሁሉም ረድፍ ይነበባል፤ ያ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ነገ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላም አንድ ጊዜ ቆጣሪዎቹን መዝግቢ፤ ዲስክ የነካውን ንባብ ‹ኢኖዲቢ ባፈር ፑል ሪድስ› ከሚለው ታገኚዋለሽ። ከአጠገባቸው ሰዓቱን ጻፊና ላኪልኝ። በወረቀት ላይ ጽፈሽ ፎቶ ብታነሺውም ግድ የለም። አነበዋለሁ።