መልስ፦ ዲኤንኤው አንድ ከሆነ ህዋሱ ነርቭ ወይም ቆዳ የሚሆነው በምንድን ነው?

ሰላም እህቴ። «ሁሉም ህዋስ ከአንዲት የተዳቀለች እንቁላል ከመጣ፣ አንዱ ነርቭ ሌላው ቆዳ እንዴት ይሆናል?» ብለሻል። ህዋሱ ጂኖቹን፣ ማለትም በዲኤንኤው ላይ የተጻፉትን መመሪያዎች፣ ሁሉ ይይዛል እንጂ ሁሉንም አይጠቀምባቸውም። የትኛው እንደሚበራ በአብዛኛው የሚወስነው ያለበት ቦታና ከጎረቤቶቹ የሚደርሰው ኬሚካላዊ መልእክት ነው።

ይህን ከተመራማሪዋ ከሂልዴ ማንጎልድ ሙከራ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም። በጀርመን ፍራይቡርግ፣ በሃንስ ሽፔማን ላቦራቶሪ፣ ቀለማቸው ከሚለያይ ሁለት የሳላማንደር (እንሽላሊት የሚመስል፣ የእንቁራሪት ዘመድ የሆነ እንስሳ) ዝርያዎች ሽል ወሰደች። ከአንዱ፣ ህዋሳት ወደ ውስጥ መግባት ከሚጀምሩበት ቀዳዳ፣ የላይኛውን ከንፈር ቆርጣ በሌላው ሽል የሆድ ወገን ላይ ተከለችው። እዚያው ቦታ የራሱ የነርቭ ቧንቧ (በኋላ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል) ያለው ሁለተኛ ሽል በቀለ! ቀለሙ የማን ህዋስ እንደሆነ ስለሚያሳይ አንድ ትልቅ ነገር ታየ፦ አዲሱ የነርቭ ቧንቧ በአብዛኛው የተሠራው ከተቀባዩ ሽል ህዋሳት ነበር። የሆድ ቆዳ ሊሆኑ የነበሩት፣ ጎረቤት ስለተቀየረባቸው ነርቭ ሆኑ።

ጽሑፉ በ1924 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሂልዴ በዚያው ዓመት በቃጠሎ አደጋ ሞተች፤ ሽፔማን በ1935 ኖቤል ተሸለመ። የእሷ ስም ሲዘለል ሁሌም ያሳዝነኛል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደታወቀው፣ ያ ከንፈር ኖጊንና ኮርዲን የተባሉ ፕሮቲኖችን ያመነጫል። እነዚህ «ቆዳ ሁን» የሚለውን ቢኤምፒ የተባለ መልእክት ይዘው ያስቀራሉ፤ መልእክቱ ያልደረሰው ህዋስ ወደ ነርቭነት ያመራል።