የፒዛ ምድጃ በጠባብ በጀት፦ ገንዘብሽን ለወለሉ አስቀምጪ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም ሳንርቅ ነው። ጓሯችን ላይ የጡብ ፒዛ ምድጃ ልናሠራ አስበናል፤ በጀታችን ግን ጠባብ ነው። ግንበኛው «ሁሉንም እሳት በሚችል ጡብ፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ተራ ቀይ ሸክላ ይበቃል ባይ ነው። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁለቱም ግማሽ ግማሹን ስሚ።

መጀመሪያ ስፋቱን ቀንሺ። ግንበኛው ያለሽ የፒዛ ቤት ምድጃ ነው፤ እንጨት ይፈጅብሻል፣ ለመጋልም ሰዓታት ይወስዳል። ለቤተሰብ የውስጥ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። እሳቱን ወደ ጎን ገፍተሽ አንድ ፒዛ እንደ ልብ ትጋግሪበታለሽ። 400 ዲግሪ ከደረሰ አንዱ ቢበዛ 2 ደቂቃ ነው፤ ወረፋው ይሮጣል።

እሳት የሚችለውን ጡብ ለወለሉ ብቻ ግዢ። 25 ያህል ቢኖርሽ ከነቁርጥራጩ ይሸፍናል። አሮጌ ምድጃውን የሚያፈርስ ዳቦ ቤት ካለ ጠይቂ፣ በርካሽ ይገኛል። ለጉልላቱ የባለቤትሽ ቀይ ሸክላ ይሁን፤ ቀዳዳ የሌለው፣ ሁለቱን ስታጋጪ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ። ማያያዣው ሲሚንቶ ብቻ አይሁን፣ ሙቀቱ ያፈራርሰዋል። ቀይ የሸክላ አፈርና የተነፋ አሸዋ ይሻላል። ጉልላቱ ከውስጥ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ በሩን 25 አድርጊው። ከዚያ ከፍ ካለ ሙቀቱ ይወጣል፤ ዝቅ ካለ ጭሱ ያፍንሻል።

ሰው የሚሰስተው ሙቀቱ እንዳያመልጥ የሚይዘው መሸፈኛ ላይ ነው። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው። ከወለሉ ጡብ ሥር ያ ቀላሉ፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈጭቶ በጥቂት ሲሚንቶ ተለውሶ 10 ሳንቲ ሜትር ይነጠፍ። አለበለዚያ ከላዩ የተቃጠለ፣ ከታቹ ሊጥ የሆነ ፒዛ ትበያለሽ። ጉልላቱን ደግሞ ከላይ በጭድ በተቦካ ጭቃ ወፈር አድርጋችሁ ምረጉት። ጭቃ ቤት የሠራ ሰው ይህን ማን ይነግረዋል!

መሬታችሁ መረሬ ከሆነ ተቆፍሮ ይውጣና በድንጋይ ይሞላ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ምድጃውንም ይዞት ይሄዳል። መቆሚያው ብሎኬት ቢሆን ግድ የለም። ከላይ ቆርቆሮ ጣሉበት፤ የሐምሌን ዝናብ የጠጣ ጡብ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። በሩን ወደ ሐይቁ አታዙሪው፣ ቀን ቀን ነፋሱ ጭሱን ፊትሽ ላይ ይመልሰዋል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ለፒዛው እኔ ብዙም ግድ የለኝም። ፒዛው ካለቀ በኋላ ፍሙን አውጥተሽ ቀረሶ ዓሣ በመጥበሻ አስገቢ። ሙቀቱ ወደ 200 ሲወርድ ደግሞ ድፎ ዳቦ። አንዴ በነደደ እንጨት ሦስት ሥራ ነው።

ግንባታው እንዳለቀ ግን አትቸኩሉ። ሳምንት ያህል ይድረቅ። ቀጥሎ ለጥቂት ቀናት ትንሽ ትንሽ እሳት፣ በየቀኑ ጨመር እያደረጋችሁ። ግድግዳው ላይ እርጥበት እስካያችሁ ድረስ ትልቅ እሳት አታንድዱ።